የዓርብ ጥብስ

ኪዳኑ ጉርሻውን ጠቅልሎ አፌ ላይ ደቅኖታል። የበግ ጥብስ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ተቀምጫለሁ። ከእንጅባራ የመጣው ወንጌላዊ ባምላክ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ያየናል። ደንቡ እንግዳ ሲቀድም ነበር፤ ባሌ ግን የጠራው ሊያበላው ሳይሆን እኔ ስበላ ሊያሳየው ነው።

ኪዳኑ ጌታን ተቀብዬ ዳንኩ ካለ ገና ዓመት አልሞላውም። ሲድን የለወጠው ነገር ቢኖር ሳህኑን ነው። ድሮ ቀኑ ጾም መሆኑን የምነግረው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ረቡዕንና ዓርብን እንደ እሱ የሚጠብቅ ቄስ ዳንግላ ውስጥ የለም። ዓርብ ስጋ ቤት ስለሚዘጋ ሐሙስ ማታ ገዝቶ ያሳድራል። ቅዳሜ ብላው ቢሉት አይሰማም፤ ዓርብ ካልተበላ ክርስቶስ በከንቱ የሞተ ይመስለዋል። በጋሪ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሸተው በሩን ወለል አድርጎ ነው የሚበላው። ሳልቀምስ ስለምሠራው ጨው ይበዛበታል። እሱንም በእምነት ይውጠዋል።

ትናንት ነገሩ ከሳህን አለፈ። ሰው የሚጸድቀው በእምነት እንጂ በሕግ ሥራ አይደለም፤ ነገ በወንጌላዊው ፊት ካልበላሽ አላመንሽም፤ ከማታምን ሴት ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም አለኝ። በእሱ ፍርድ እኔ ጓዜን ይዤ ዘንገና አባቴ ቤት እገባለሁ፤ ልጃችን ዮዲት እሱ ጋር ትቀራለች። ታዲያ በመብላት ነው የሚዳነው ብዬ ብጠይቀው፣ ነገር አታጣምሚ ብሎ ተቆጣ።

አሁን ክንዱ ዝሏል፣ ጉርሻው ግን አልወረደም።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይላል ወደ እንግዳው ዞሮ እየሳቀ። እንግዳው አይስቅም።

ስታኮርፍ የታችኛውን ከንፈሯን የምትጥለዋን ልጄን አስባለሁ። አፌን እከፍታለሁ።

«ወንድም ኪዳኑ» ይላል ባምላክ ቀስ ብሎ፣ «እህታችንን አታስጨንቃት። ለእኔም አታቅርብልኝ። ከገባሁ ጀምሮ ልነግርህ ነበር፣ ዛሬ ጾም ይዣለሁ።»

የኪዳኑ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ቅቤው በእጁ አንጓ ወርዶ የሸሚዙን እጅጌ ይነካል።

«ዓርብን?»

«ዓርብን ብዬ አይደለም። የምጸልይበት ጉዳይ አለኝ፣ ቀኑ እንዲሁ ገጠመ። አንተ ብላ፤ ኃጢአት የለበትም።»

ብላ ተባለ፣ አይበላም። ኃጢአት ካልሆነ፣ የሚያየው ሰውም ካልተደነቀ፣ ምኑ ይጣፍጠዋል? አንዴ ስጋውን፣ አንዴ የወንጌላዊውን አፍ ያያል። ባሌን ድሮም እንቀው ነበር፤ እንዲህ ዓይኑ ሲንከራተት ሳይ ግን እስከዛሬ የናቅሁት ትንሽ ሆኖ አገኘሁት። ጉርሻውን እንጀራው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል። ከዚያም ድምፁን እንደ ደቀ መዝሙር ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምንጾመው?»

ወንጌላዊው ለአንተ ግዴታ የለብህም ሊለው ይጀምራል። ኪዳኑ አይሰማውም፤ ወደ እኔ ዞሯል።

«አንሽው። ዛሬ በዚህ ቤት እህል የሚቀምስ የለም። አንችም ብትሆኝ እኔ እስክፈቅድልሽ አትቀምሽም።»

በቃ፣ የትናንቱ ዛቻ ጠፋ። ዘንገናም ቀረ፣ ዮዲትም ከእቅፌ አትወጣም። ደስ ሊለኝ ይገባል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዓርብን አጉድዬ አላውቅም፣ ማንም ጹሚ ብሎኝም አያውቅም።

ሳህኑን አንስቼ ጓዳ እገባለሁ። ጥብሱ አልቀዘቀዘም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዓርብ ቀን፣ ስጋ አማረኝ።