የኒውክለሱ ገበር

ከአርባ ምንጭ እስከ ሞያሌ በማይክሮስኮፕ የሚስተካከለኝ መምህር የለም። ላሚን የተባለው ፕሮቲን የሴላችንን ኒውክለስ እንደ ኮት ገበር ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ዛሬ ጠዋት ከገዛ ጉንጬ ናሙና ወሰድኩ። ኒውክለሴ እንደ ጫኖ ማንጎ ድብልብል ያለ ነበር።

“አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሴሌ ግን የጎረምሳ ነው!” አልኩ።

“ዘሚካኤል፣ አንተ ጉረኛ!” አለች የላብራቶሪ ባልደረባዬ ዕድላዊት።

ላሚን ሲበላሽ ኒውክለስ ይጨማደዳል፤ ልጅ እንኳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል። ከምሳ መልስ ያንኑ ናሙና ብቻዬን ደግሜ ሳየው ተጨማዷል። ደንግጬ ከጉንጬ አዲስ ወሰድኩ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ዕድላዊት ገባች። ወንበር ሳበችልኝ።

“ይቀመጡ አባባ። የዘሚካኤል አባት ነዎት? ቁርጥ እሱን ይመስላሉ!”