መስኮት መስኮት የምታየው ሴት

ማዳም ኦርታንስ ከፓሪስ ድረስ የመጣችው የኢስታንቡልን ሴቶች ልክ እንደሆኑት አድርጋ ለመሣል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረገችው ልብሳቸውን ማስቀየር ነው።

ሸቭኪዬና የባሏ እኅት ናዲዴ ከዚያው ከፓሪስ ያስመጡትን ቀሚስ አስወልቃ፣ የቅድመ አያቶቻቸውን ሰፊ ሱሪ ከሣጥን አስወጣች። ፒያኖውን በምንጣፍ ሸፈነች። ጋዜጦቹን አስነሣች። በቦታቸው ማንም ያልለኮሰው ጋያና ባዶ ስኒዎች ደረደረች።

ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ሣለች። ሸቭኪዬ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ትጋደማለች። ናዲዴ መጽሐፌን ጓዳ ረስቼው ነበር እያለች ትንሽ ዘግየት ብላ ትመጣና ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

«እኔ ያየሁትን እንጂ የሌለ ነገር አልሥልም» ትላለች ማዳም፣ ከሸቭኪዬ እግር ሥር ነብር እየጨመረች።

በዓመቱ የሥዕሉ ባለቀለም ኅትመት በፈረንሳይ መጽሔት ወጥቶ ከሸቭኪዬ ባል ከሪፋት ኤፈንዲ እጅ ገባ። ሥዕሉ ሲሣል እሱ ለመንግሥት ሥራ ኢዝሚር ነበር። እናቱን፣ ሚስቱንና እኅቱን ሰብስቦ መጽሔቱን ዘረጋው። ከቤቱ ፈረንሳይኛ የምታነበው ናዲዴ ብቻ ናት።

«ከሥር ምን ይላል?»

«ያሳፍራል፣ ወንድም ጋሼ።»

«አንብቢ ስልሽ!»

«‹ውሽማዋን የምትጠብቅ የምሥራቅ እመቤት›።»

ሪፋት ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔ ኢዝሚር ስንከራተት ለማን ነው እንዲህ ዓይንሽ ሊወጣ የደረሰው? ዛሬ እውነቱን ካልተናገርሽ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ!»

«እሷን ተዋት» አሉ እናቱ ዑልቪዬ ሃኒም። «ይልቅ የእኔን ልጅ እይ! ጉንጯ ሮማን፣ አቀማመጧ የሰው። ምራቴማ ከንፈሯ ደርቆ እንደ ጨርቅ ተዘርግታለች። ወርቅ አምባሬን ለናዲዴ የሸለምኩት የዚያን ወር ጽናቷን አይቼ ነው።» ጎንበስ አሉ። «የልጄ ከንፈር ጥግ ላይ ያለው ምልክት ግን ከየት መጣ?»

«ማዳም ለውበት ጨምራው ነው» አለች ናዲዴ ፈጠን ብላ።

ሸቭኪዬን የምታድን አንዲት ቃል ናዲዴ ምላስ ላይ ነበረች። ግን ዓይን አፋር ናትና ዋጠቻት።

«ከመስኮቱ ፊት ለፊት ምንድን ነው ያለው?» አለ ሪፋት።

«ምሽጉ» አለች ሸቭኪዬ።

«እዚያስ ማን አለ?»

«መድፈኛው።»

«እሱን ነው የምትጠብቂው?»

«አዎ፣ እሱን።»

ዑልቪዬ ሃኒም ደረታቸውን ደቁ። ሪፋት ወደ ሚስቱ ተጠጋ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ወሩን ሙሉ። እርስዎስ የኢዝሚሩን መድፈኛ አልጠበቁም? ረመዳን እኮ ነበር፣ ጌታዬ! የማፍጠሪያው መድፍ ሳይተኮስ በዚህ ቤት ማን ውሃ ይቀምሳል?»

ሪፋት በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። ዓይኑ ከደረቀው ከንፈር ተነሥቶ ወደ ሮማኑ ጉንጭ ሄደ።

ናዲዴ እጅጌዋን ጎትታ አምባሯን ሸፈነች።

ዑልቪዬ ሃኒም መነጽራቸውን አድርገው መጽሔቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይሄ ምልክት አይደለም» አሉ። «ሰሊጥ ነው።»