መስቀሉ የነካው መስኮት

ወንጌላዊት መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቋ የእማማ ሥራነሽን ማመልከቻ እየተየበች ነው። እማማ ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጡት ለልጃቸው ለእንዳላማው የሞት ማስረጃ ሊያወጡ ነው።

ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሯ ላይ የተከፈተው የጽሑፉ መስኮት ስታክ አድርጎ ደረቀ።

«ምነው ልጄ፣ እምቢ አለ?»

«አይስጉ እማማ፣ አሁን እዘጋዋለሁ።»

ኮምፒውተሯ የሚሠራበትን የሊኑክስን ሲስተም አመል ለምዳዋለች። አንዲት አጭር ትእዛዝ ስትጽፍ የማውሱ ቀስት መስቀል ይሆናል፤ በመስቀሉ የተነካ መስኮት፣ ጠበል ላይ እንደተያዘ መንፈስ፣ ቁጥሩንና ስሙን ይለፈልፋል። ከዚያ በቁጥሩ ትዘጋዋለች።

ትእዛዙን ጻፈች። መስቀሉ መጣ። እጇ ገና ማውሱን ሳይነካ ግን መስቀሉ መሄድ ጀመረ፤ የደረቀውን መስኮት አልፎ፣ ባዶው ጥቁር ስክሪን ላይ የገዛ ፊቷ ወደሚታይበት ሄዶ ግንባሯ ላይ ቆመ። ማውሱ ብቻውን ቀጭ አለ።

አፏ ሲከፈት ተሰማት። አንድ ረጅም ቁጥር ጠራች፤ አስከትላም «ኪዳነ ማርያም» አለች።

እማማ ሥራነሽ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የእንዳላማውን የክርስትና ስም ማን ነገረሽ?»

ወንጌላዊት «እኔ እንጃ» ልትላቸው ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማዬ፣ አታስዘጊኝ።»