የአምፖሉ ሾፌር

«እማዬ፣ አንቺ ቀይ የምትዪውና እኔ ቀይ የምለው አንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለቻት አክሱማዊት አንድ ቀን፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች።

«አንድ ቅርጫት ውስጥ ስለምንለቅም» አለች እናቷ ሥርጉት፤ ለቀማዋንም ቀጠለች።

አክሱማዊት አድጋ ዲላ ኮሌጅ ገባች። ሥርጉት ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። ልጇን የምታስተምረው ኮንጋ በሚባል ቀበሌ ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና እየለየች ነው፤ ቀዩን ወደ መፈልፈያው፣ ጥሬውን ወደ ውጭ። ሌላ ገቢ የላትም።

በ2011 ዓ.ም. ለቀማ ሲደርስ ጣቢያው መሐንዲስ አስመጣ። ሽመክት ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ያስታውሳል። ገና ከመኪና እንደወረደ ከዛፍ አንድ ፍሬ ቀጥፎ አኘከና ተፋው።

«ዓለም የሚያወራለት ቡናችሁ ይሄ ነው?»

ጥሬ መቅጠፉን ያዩ ሠራተኞች ተሳሳቁ። ከተሜ ነዋ! ጭቃ የነካ ጫማውን ሲያወልቅም የግራ ካልሲው ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ይሄ ደግሞ ፋሽን ነው ተባለ።

ያመጣው የበሰለውን ከጥሬው በካሜራ የሚለይ ማሽን ነበር። ካሜራው ተስተካክሎ ነው የመጣው፤ የጎደለው ሽመክት የሚገጥመው አምፖል ብቻ ነው። ሽመክት ሥርጉትን ከፊቱ አቁሞ ነገራት።

«የበሰለ ሲያይ አረንጓዴ ያበራል፤ ወደ መፈልፈያው ልቀቂ። ጥሬ ሲያይ ቀይ ያበራል፤ መልሺ። ማሰብ አይጠበቅብሽም። ድራይቨሩን እኔ ጽፌዋለሁ።»

«ድራይቨር ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ሾፌር።»

«መኪናውስ?»

«ኤጭ! የኮምፒዩተሩ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉ ይሄን አምፖል አያውቀውም፤ ሾፌሩ መሃል ገብቶ ያነዳለታል። በፊት የአምፖሉን ሦስት ቀለም እንደ ሦስት አምፖል ነበር የሚቆጥሯቸው። እኔ በአንድ ስም አድርጌ የየራሳቸውን ድምቀት ሰጠኋቸው። አይገባሽም።»

«ሦስት ሆነው አንድ» አለች ሥርጉት። «እሱንስ በየእሑዱ እሰማዋለሁ። ተራቸውን ግን ማን ነገረህ?»

«ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ዓለም ያወቀው ተራ ነው፣ እናቴ! አንቺ ቅርጫትሽን ያዢ።»

በአምፖሉ ሦስት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ጽፎባቸዋል። አንድ በአንድ አበራቸው። ሦስቱም በሩ። «ይሠራል» አለና አምፖሉን በቆርቆሮ ጋረደው፤ ሥራ ፈት ሁሉ እንዳያፈጥበት፣ ከሥርጉት መቆሚያ ብቻ እንዲታይ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ቅርጫት ጥሬ ነበር። አረንጓዴ በራ።

«ልጄ፣ አምፖሉ ተገልብጧል።»

ሽመክት ከወንበሩ አልተነሣም። ስክሪኑን አየ። «እዚህ ቀይ ይላል። ዓይንሽን ታጠቢ። አረንጓዴ ከሆነብሽ ደግሞ አረንጓዴ የሚያዘውን አድርጊ፤ ለክርክር አይደለም የተቀጠርሽው።»

አማተበችና የታዘዘችውን አደረገች። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ያኔ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ይርጉ የመፈልፈያውን ገንዳ ሊያይ ወረደ። ገንዳው በጥሬ ተሞልቷል፤ ቀዩ ደጅ ተከምሮ ፀሐይ ይመታዋል።

«ማነው ይሄን ያስገባው?»

«የቡና ሰው ናቸዋ!» አለ ሽመክት እየሳቀ። «ለእነሱ ቀይ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ቀይ ሲበራባት ይግባ መሰላት። እኔ ለመሐይም ሾፌር አልጽፍም፣ አቶ ይርጉ። ዓይኗንም ሐኪም ይይላት።»

ነገሩ እውነት መሰለ። አብረዋት የሚለዩት ሴቶች እንኳ አንገታቸውን ደፉ። እነሱስ ቢሆኑ ቀይ ሲበራ እጃቸው ወደየት ይሄድ ነበር?

«ሃያ ዓመት የለየሽ ሴት፣ ምን ነካሽ?» አለ ይርጉ።

«አምፖሉ ያለኝን ነው ያደረግሁት።»

«መብራት ቢኖር አሁኑኑ አብርተን እናይ ነበር። ነገም ካልመጣ ግን አልጠብቅም፤ ቦታሽን ለጓደኛሽ ለወርቂቱ እሰጣለሁ።»

ሥርጉት ለቅማ ስታበቃ የምትለብሰውን ነጠላ አራግፋ ለበሰችና ወጣች። መንገድ ላይ ልጇ በልጅነቷ ስለ ቀይ የጠየቀቻት ትዝ አላት፤ ቆም አለች።

በነጋታው መብራት አልመጣም። ሥርጉት ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ቀዩንና ጥሬውን ደባልቃ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘረገፈች፣ ባዶ ቅርጫትም አጠገቡ አኖረች። አቶ ይርጉና ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ሽመክትን ጠራችው።

«ልጄ፣ መሐይም ነኝ፤ ከመሄዴ በፊት አስተምረኝ። እስቲ ቀይ ቀዩን ልቀምልኝ።»

«ይሄንንማ ሕፃንም ያውቀዋል!» አለና ቁጢጥ ብሎ ለቀመ። እጁ ፈጣን ነው፤ አንዴም አላመነታም። አፍታም ሳይቆይ ቅርጫቱን ሞልቶ ገፋላት።

ሥርጉት ቅርጫቱን አንሥታ ለአቶ ይርጉ ሰጠችው፤ ከግማሽ በላዩ ጥሬ ነበር። «የአምፖሉን ቀይና አረንጓዴ የለየውም ይኸው ዓይን ነው» አለች።