የገብርኤል ዘቢብ

ፈረንሳዊው እንግዳ ሙሴ ዣን ከወረቀት ከረጢቱ ሌላ እፍኝ ዘቢብ ዘገነ። የቤቱ ጌታ፣ ገበዝ አጥናፉ፣ እፍኙ ወደ አፍ ሲወጣ በዓይኑ ሸኘው።

ነገ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ንግሥ ነው። ያለ ዘቢብ ደግሞ ቅዳሴ የለም፤ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቍርባን የሚቀርበው እሱ ነው። የደብሩን ዘቢብ የሚጠብቅ ገበዙ ነው። አጥናፉም ጠበቀ፣ እንዴታ! በጣሳ ክደነው ሲሉት "ነገ፣ ነገ" እያለ በከረጢት ትቶት፣ ትናንት ዕቃ ቤት ገብቶ ቢያይ አይጥ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ፈጅታዋለች። ከደሴ ሌላ የሚያመጣለት ነጋዴው ሱሌማን ነበር። "አብሽር፣ ኢንሻአላህ ለገብርኤል አደርስልሃለሁ" ብሎት ሄዶ፣ ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ቀረ። ያው ወንዝ ነው የፈረንሳዩንም ላንድሮቨር ከወዲህ አስቀርቶ ለአጥናፉ እንግዳ ያደረገው።

ይህን ጉድ ከሚስቱ ከካሰች በቀር የሚያውቅ የለም። ከታወቀ ገበዝነቱ ይሄዳል፤ ከገበዝነቱ ጋራ የሚያርሰው መሬት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ምን ያበላል?

እንግዳን ስንቅህን ስጠኝ ማለት ነውር ነው። ነውሩንስ ዋጥ ያደርገው ነበር። ግን ቄሱ መምሬ ወልደ ገብርኤል እንግዳ ላስጫውት ብለው ማልደው መጥተው፣ ይኸው ከመደቡ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። እሳቸው ባሉበት መጠየቅ መናዘዝ ነው።

"ንጉሡ፣ እስቲ አንዴ ወደ ጓሮ ብቅ በል" አለ አጥናፉ የፈረንሳዩን ሾፌር።

"ወዴት ልትወስደው? ያስተርጉምልን እንጂ!" አሉ መምሬ። ንጉሡ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሙሴ ዣን ካሰች ያቀረበችለትን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይቆርሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል፣ ከአገሩ ይዞት ከመጣው ወይን ጠጅ ጎንጨት ይላል። ጣቱ ላይ የቀረውን ቅቤ ሳይቀር ይልሳል። ደስታው እንደ ሕፃን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አጥናፉም አብሮት ይስቅ ነበር።

"በአገራቸው የአንዱ ኮረብታ ወይን ጠጅ ከሚቀጥለው ኮረብታ አይገናኝም ይላሉ" አለ ንጉሡ። "አይቡም ሥጋውም እንደየሰፈሩ ነው። በያመቱ መኪናቸውን አስነስተው እየዞሩ መቅመስ ነው።"

"ለመብላት ብቻ?" አሉ መምሬ።

"ለመብላት ብቻ።"

"አይ የፈረንጅ ነገር! እኛን ከቤት የሚያስወጣን ለቅሶና ክስ ነው።"

ሳቁ። አጥናፉም ጥርሱን አሳየ። ከረጢቱ ግን ቅድም ከነበረው ሟሽሿል።

"ዘቢቡም ከአባታቸው ተክል ነው" አለ ንጉሡ። "ከራሳቸው ወይን፣ ሰገነታቸው ላይ የደረቀ።" ሙሴ ዣን ከረጢቱን ወደ መምሬ ዘረጋ።

ውሰዱት! በገብርኤል ውሰዱት! አለ አጥናፉ በሆዱ።

መምሬ አንዲት ፍሬ አነሡ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩዋት፣ "እንዴት ያለች ናት!" አሉና መልሰው ከከረጢቱ ጨመሯት። "ነገ ቀዳሽ ነኝ፣ ካሁን ወዲያ አልቀምስም። ለቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን፣ አጥናፉን የመሰለ ገበዝ እያለን ምን ጎድሎብን? ይብሉ በላቸው፣ ይብሉ!"

ካሰች ከጓዳው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ንጉሡ አስተረጎመ። ሙሴ ዣን ፊቱ በራ፤ አዲስ ነገር ታየው መሰለኝ፣ ጭኮውን በአውራ ጣቱ ጎድጎድ አድርጎ ዘቢቡን ይጨምርበት ጀመር። አሸው። ቅቤው ዋጠው። ቅቤ የነካው ደግሞ ለመንበር አይሆንም። ጎረሰና በደስታ ተነፈሰ። ከዚያ ከረጢቱን ቅቤ ባልነካው ግራ መዳፉ ላይ ገለበጠው። የቀረው እፍኝ አይሞላም። እጁ ወደ ጭኮው ሄደ።

አጥናፉ መነሣቱን አላወቀውም። የእንግዳውን እጅ ከአንጓው ላይ ጨምድዶ ይዞ ራሱን አገኘው።

ከእንግዳ አፍ የሚነጥቅ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

"ምነው ገበዝ? ምን ልበላቸው?" አለ ንጉሡ ደንግጦ።

"ለእሳቸው አይደለም።" አጥናፉ ቀና ብሎ መምሬን አየ። "መምሬ፣ የደብሩን ዘቢብ አይጥ በላው። አንድም አልቀረ። ክደነው ብላችሁኝ ሳልከድነው ቀርቼ ነው።"

መምሬ ከመደቡ ተነሡ።

"መቼ አወቅህ?"

"ትናንት።"

"ትናንት አውቀህ፣ እኔ አሁን ይብሉ ስል ዝም አልህ?"

"አፈርሁ መምሬ። ፈራሁ።"

ንጉሡ ለፈረንሳዩ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረው። የሰውዬው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። የነከሰውን ጭኮ አየ፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፣ መዳፉን እንደያዘው ጭብጥ አደረገ። አንዲትም ፍሬ አልጣለም።

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ ፊት ይችኑ ትደግማታለህ" አሉ መምሬ። "መሬቱን ስለ መንሣትም ስለ መተውም እነሱ ይወቁ።"

"እደግማታለሁ።"

"ለነገ ይችው ትበቃናለች። ካሰች፣ እጅ ያልነካው ነጭ ጨርቅ አምጪ። ውኃም።"

ካሰች ከሣጥኗ ለንግሡ ያስቀመጠችውን አዲስ ነጠላ አወጣች። መምሬ ታጠቡ፣ ነጠላውን ከሙሴ ዣን እጅ ሥር ዘረጉ።

"በል አጥናፉ፣ ልቀቃቸው።"

አጥናፉ ሊለቅ ፈለገ። ጣቶቹ እንቢ አሉት። መምሬ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ያላቅቋቸው ጀመር።