እግር ወደ ሰማይ

ረቢአ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሁለት እግሮቿን በዋርካው ግንድ ላይ ሽቅብ ሰቅላ፣ «ሁ…» እያለች ትንፋሿን ታወጣለች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። ከሚሴ ውስጥ በእሷ ፊት ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው የለም፤ እንዲህ ሆና ብትታይ ከተማው ምን እንደሚል ለእሷ መንገር አያስፈልግም።

ያዘዟት አዮ መሪማ ናቸው። አዮ መሪማ ከጨፋ ሸለቆ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ሴቶች ከሰው ተለይተው ዱዓ እያደረጉ የሚሰነብቱበትን ጎጆ የሚጠብቁ ባልቴት ናቸው። ረቢአ ልጇ ሙሄ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ደረቷ ተቆልፎ፣ እንቅልፍም እምቢ ብሏት ነበርና ወደ እሳቸው ወጣች። አሮጊቷ ዱዓ አደረጉላት፣ ትከሻዋን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺን ያመመሽ እንዲህ ተገትረሽ መኖርሽ ነው። ተገልበጪ! ትንፋሽሽንም ልቀቂው። ልጅ ሆነሽ ዛፍ ላይ አልተንጠለጠልሽም እንዴ?»

ትናንት እግሯን ስትሰቅል አፍራ ዐይኗን እንደጨፈነች ነበር የጨረሰችው። ዛሬ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ቀልበስ አድርጋ ገለጠችው። የአላህ ያለህ! ሸለቆው ሁሉ ተገልብጦ ጠበቃት። የቦርከና ወንዝ ከላይ ይፈሳል። ከብቶቹ በሰኮናቸው ተንጠልጥለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ረጋ ብለው ይግጣሉ።

ያኔ ማማው ትዝ አላት። ልጅ ሳለች የአባቷን ማሽላ ከወፍ ትጠብቅ ነበር። ወንጭፉ ብዙም አይሆንላትም፤ ወፎቹን የምታባርረው ከራሷ እየፈጠረች በምታወጣው ግጥም ነበር። በየማሳው ያሉ ጠባቂዎች ዛሬስ ምን ትል ይሆን ብለው ጆሯቸውን ይሰጧት ነበር። ያ አፍ የት ገባ? ተዳረች፣ ወለደች፣ ጨዋ ሆነች፣ በቃ። እና አሁን ሳታስበው አመለጣት፦

«ሂጂ ወፌ ሂጂ፣ ሰማዩ ታርሷል፣
በሬው ተንጠልጥሎ ደመና ግጧል!»

ሳቀች። ደገመችው፤ በሦስተኛው ጮክ ብላ። ቀሚሷን የያዙት እጆቿ ሊያጨበጭቡ ተነሱ፤ ቀሚሱም የሚሄድበትን አላጣም።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እትዬ ረቢአ?»

ዘሊካ ናት። የረቢአን ልጅ ዓዲላን ለወንድ ልጇ ያጨችው ዘሊካ! ባለፈው ወር ሁለቱ ቤተሰቦች ረቢአ ቤት ሲገናኙ፣ የዘሊካ ትንሿ ልጅ አስያ ጓዳ ውስጥ ሆና ስትዘፍን ተሰማች። ረቢአ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ልጅ እንዲህ ከተለቀቀች፣ እኔ ልጄን ምን ዓይነት ቤት ነው የምሰጠው?» አለች። ዘሊካ አንገቷን ደፍታ ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከእነሱ ቤት ወሬ የለም፤ ዓዲላም እህል በቅጡ አትቀምስም።

ረቢአ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እግሯን ላውርድ ብትል ደንዝዟል፤ አልታዘዝ አላት። ቢቸግራት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፤ መሸፈን የነበረበት ግን ፊቷ አልነበረም።

ዘሊካ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እግሯን አለበሰቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት የዋርካው ሥር ላይ ተቀመጠች።

«እርስዎን ፍለጋ ስመጣ፣ ከታች መንገዱ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት» አለች። «ማን ይሆን እያልኩ ነው የወጣሁት።»

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ እግርዎ?»

«ስለ ልጅዎ» አለች ረቢአ፣ ከእጆቿ ሥር።

ዘሊካ ሣር ነጨች። «አልዋሽዎትም፣ ተቀይሜያለሁ። ዛሬም የመጣሁት ጋብቻው ይቅርብን ልል ነው። የእኔስ መዋረድ ይረሳል። አስያ ግን ከእርስዎ ቤት ከተመለስን ወዲህ አንድም ቀን አልዘፈነችም። ውሃ ስትቀዳ እንኳ ጭጭ ነው።»

ረቢአ እጆቿን ከፊቷ ላይ አነሳች። ያቺን ልጅ ከማማዋ ላይ ያወረደቻት እሷ ናት። ልጅነቷን ማን እንደነጠቃት ስትጠይቅ ቆይታ፣ የሌላዋን የነጠቀችው ራሷ ሆና ተገኘች። የቀሚሱ እፍረት ከዚህ አጠገብ እፍረትም አልነበረ።

«እስቲ ግጥሙን ይድገሙልኝ» አለች ዘሊካ ዘወር ሳትል። «ይዤላት ልሂድ። የወንድምሽ አማት ናት ያለችው እላታለሁ።»

ረቢአ እየተንፏቀቀች ተነሳች። እግሮቿን አሸች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሻሿን አስተካክላ እንደ ወጉ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ሸለቆው ያው ሸለቆ ነው፤ ከብቶቹም ምድር ላይ ናቸው። ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደገና ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው ሳል ብቻ ነው። ዘሊካ ትጠብቃለች።

ረቢአ መልሳ በጀርባዋ ተኛች። በጠራራ ፀሐይ፣ በልጇ አማት ፊት፣ አንዱን እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን ግንዱ ላይ ሰቀለች። ፊቷ እንደ ፍም ይግላል። ዘሊካ ዘወር ብላ አየቻት፤ ጠጋ ብላ ነጠላውን መልሳ አለበሰቻትና፣ ነፋሱ እንዳይገልጠው ጫፉን በቁርጭምጭሚቷ ላይ አጥብቃ ያዘችላት።

ረቢአ አንገቷን ወደ ኋላ ቀለበሰች። ከብቶቹ ቀስ እያሉ ወደ ሰማይ ወጡ።