የሰርኬ ስኒ

«ይቀመጡ እንጂ፤ ምነው ቆመው ቀሩ?» ይላታል ምናሴ፣ የገዛ ሚስቱን።

ሰርካለም ትቀመጣለች። አንቱታውን ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዛሬም ግን እንደ አዲስ ያማታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ምናሴ እሷን ከማወቅ በቀር ምንም የጎደለው ነገር የለም።

ዛሬ መላ ይዛ መጥታለች። ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ የእንግሊዝ የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ታወጣለች፤ ነጭ ላይ ሰማያዊ ድልድይና ዛፍ ያለበት። ምናሴ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ከተማዋን የአሌክሳንድሪያን የአሮጌ ዕቃ ሱቆች እያሰሰ ከለቀማቸው ስኒዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ የገዛውም ለእሷ ነው። ይህንን ካየ እኔንም ያስታውሰኛል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

የምናሴ ዓይን ይበራል። ስኒውን በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ማኅተም ያያል። ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

«አዩ፣ ይሄ በእጅ የተሳለ አይደለም። ሥዕሉን ወረቀት ላይ አትመው ነው የሚለጥፉት። የወረቀቱ መገጣጠሚያ እዚህ ጋ ነው። ደህና ስኒ ነው።» ማስቀመጫውን ያነሳና ፈገግ ይላል። «ይሄኛው ግን የራሱ አይደለም።»

 የስኒውን የራሱን ማስቀመጫ የሰበረችው ሰርካለም ናት። እንዳያዝን ብላ ስብርባሪውን ደብቃ፣ አናንዴል ከተማ ድረስ ሄዳ መሳዩን ፈልጋ ተክታዋለች። እሱም አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«እንዴት አወቅህ?»

አንተ መባሉ ትንሽ ይከነክነዋል፤ ጨዋ ነውና ያልፈዋል።

«ሰማያዊው ይደምቃል። ባለቤቴ ሰብራው ነው የተካችው።» ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የማላውቅ ይመስላታል። እንደዚያ ደስ ብሏት ሻይ ስታቀርብልኝ ምን ብዬ ልንገራት? ሰርኬ ታፍራለች። እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ። አሁን መምጫዋ ነው።»

እኔ ነኝ እኮ፣ ልትል አፏን ትከፍታለች። እሱ ግን በር በሩን እያየ ነው፤ እንዲህ ጓጉቶ ሲጠብቃት ካየች ስንት ጊዜዋ።

ስኒውን ማስቀመጫው ላይ ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች።

«አይዞዎት፣» ትለዋለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብላው። «አልነግራትም።»